አዲሱ ላፕቶፕና ካቻቢቴው

(በ2017 ዓ.ም. የምሩቃን መገናኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአባላትና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በተናጋሪው ታይቶ የቀረበ)



ከምሳ በኋላ እንዲናገር የተመደበ ሰው ዕድለ ቢስ ነው። ክትፎው ገና ከሆድ አልወረደም፤ ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ወሬም ገና አላለቀም። ስለዚህ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ቢኖር አልቀየምም። ድምፅ የምንሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ግን ጎረቤቱ አደራ ይቀስቅሰው። የማወራው ስለ አንድ ላፕቶፕ ቢሆንም፣ ነገሩ የእናንተ ገንዘብ ጉዳይ ነው።

ለመምህራኖቻችን ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። እኛ የ1987 ዓ.ም. ምሩቃን ሠላሳኛ ዓመታችንን ምክንያት አድርገን ለትምህርት ክፍላችን ስጦታ ለማበርከት ከሁለት ዓመት በፊት መዋጮ ጀመርን። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ለወጣት መምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች 12 ጠንካራ ላፕቶፕ ገዝተን እናስረክባለን። ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ባንክ ያስቀመጥነው ብር ከቁጥሩ አንድም አልጎደለም፤ 12 ላፕቶፕ የነበረው ገንዘብ ግን 6 ላፕቶፕ ሆነ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ «እንግዲያው መጀመሪያ አንድ እንግዛ፤ አንድ ሰው ለአንድ ወር ይሞክረውና ለጉባኤው ይናገር፤ ከዚያ የቀረውን እንወስን» አለ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ለምን ለእኔ? በዕለቱ ስብሰባው ላይ ያልተገኘሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። የቀረ ሰው እንደሚመረጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ወደ ማሽኑ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ሰው ላስታውሳችሁ።

የኮምፒውተር ክፍሉን ወረፋ የረሳ አለ? በእኛ ጊዜ ለተማሪ የተፈቀዱት ኮምፒውተሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ባለ 486ቷን ለማግኘት በር ላይ በተንጠለጠለው ደብተር ስም ማስመዝገብ ነበረብን፤ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት። የፎርትራን ፕሮግራማችንን በወረቀት ጽፈን፣ በእርሳስ አርመን፣ በቃላችን ይዘን ነበር የምንገባው። አንዲት ሰረዝ ከተሳሳተች ለሳምንት ቀጠሮ ነው። ያንን ክፍል የሚጠብቁት ጋሼ ፊውዝ ነበሩ። እውነተኛ ስማቸውን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን እኛ ባወጣንላቸው ስም ልጥራቸው፤ እሳቸውም እየሰሙ ዝም ይሉን ነበር። ማሽን ቆመ ከተባለ መጀመሪያ ፊውዙን ያያሉ፤ ከዚያ ከጋዋናቸው ኪስ ካቻቢቴ ያወጣሉ። «ካቻቢቴ የማይገባው ዕቃ የእኔ አይደለም፤ የሻጩ ነው» ይሉ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ያቺ ማሽን ሞተች። ሥራዬ ሁሉ እሷ ውስጥ ነበር፤ ዲስኬቴ ላይ የነበረው የሁለት ወር አሮጌ ቅጂ ነው። ዕንባ ዕንባ እያለኝ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ጋሼ ፊውዝ ክዳኑን ፈትተው፣ ሐርድ ዲስኩን አውጥተው፣ ሌላ ማሽን ላይ ገጠሙት። ፋይሉ ተከፈተ። «በል ቅዳ፤ ሁለት ቦታ ቅዳ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉኝም። በጊዜው የተመረቅሁት በዚያ ካቻቢቴ ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፑ።

የሞከርኩት ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ1 የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን ሰባተኛ ትውልድ ነው። አሜሪካ ያለው ጓደኛችን ገዝቶ በእጅ ቦርሳው ይዞት መጣ። ባትሪው 90 ዋት-ሰዓት ነው፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞ መግባት ከሚፈቅዱት ከ100 በታች ስለሆነ ችግር አልገጠመውም።

ሳጥኑን ቤት ስከፍተው ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። አየችውና፣ «ይሄ ነው ያ ሁሉ ገንዘብ? የድሮው የቢሮህ ኮምፒውተር አይመስልም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥቁር ነው፤ አያብለጨልጭም፤ ጌጥ የለውም። ይህ መልክ አይቢኤም የመጀመሪያዎቹን ቲንክፓዶች እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያወጣ የተሰጠ ነው። ንድፉን ያወጣው ሪቻርድ ሳፐር የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው ከጃፓኖች ጥቁር የምሳ ዕቃ ነው ይባላል፤ ከውጭ ዝም ያለ ሳጥን፣ ሲከፈት ሁሉም በየቦታው የተቀመጠበት። አይቢኤም የግል ኮምፒውተር ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2005 ለሌኖቮ ሲያስተላልፍ መልኩም አብሮ ሄደ። እኔ መልኩን ወድጄዋለሁ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ጥቁሩ ገጽ የጣት አሻራ ይይዛል። እንጀራ በልቶ የሚነካው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ወዲያው ይታወቃል።

ስክሪኑ 16 ኢንች ነው። ክብደቱ ግን ሁለት ኪሎ አይሞላም። ድሮ ከእኔ ጋር መስክ የወጣችሁ፣ የዚያን ዘመን ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ተሸክማችሁ ዳገት የወጣችሁ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ትከሻችሁ ይነግራችኋል።

ቁጥር ለምትወዱ ደግሞ ጥቂት ቁጥር። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አልትራ 7 ነው፤ 16 ኮር አለው። የእኛ ማሽን ራም 32 ጊጋባይት ነው። ያቺ የተሰለፍንላት 486 የነበራት 4 ሜጋባይት ነው፤ ይሄኛው ከ8,000 ጊዜ በላይ ይበልጣታል። ማከማቻው አንድ ቴራባይት ነው። በእኛዋ 1.44 ሜጋባይት ዲስኬት ይሞላ ቢባል ወደ 700,000 ዲስኬት ይፈልጋል። ያን ያህል ዲስኬት ዶርማችን ውስጥ ቢከመር እኛ ደጅ እናድር ነበር።

ኪቦርዱ ጥሩ ነው። ጣት ሲጫነው ይመልሳል፤ ረጅም ጽሑፍ አያደክምም። ይህንን ንግግር በአማርኛ የጻፍኩት በእሱ ነው። በጂ፣ በኤችና በቢ ቁልፎች መካከል ያቺ የታወቀችው ቀይ ነጥብ አለች። ልጄ አይታት «አባዬ፣ ይሄ ብጉር ምንድን ነው?» አለችኝ። ማውስ ናት። በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ፣ እጅ አቧራ ሲሆን፣ ማውስ የሚያስቀምጡበት ጠረጴዛ በሌለበት፣ ከእሷ የተሻለ እስካሁን አላየሁም። ስክሪኑም እኛ የመረጥነው የማያንጸባርቀው ዓይነት ስለሆነ መስኮት አጠገብ ይሠራል።

ያልወደድኩትንም ልንገራችሁ። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም፤ ቢሮው ውስጥ በገመድ የምትሠሩ ትንሽ ማገናኛ ለብቻው መግዛት አለባችሁ፤ እሷ ደግሞ ለመጥፋት የተፈጠረች ዕቃ ናት። ሌላው፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮምፒውተር ነው እየተባለ ይሸጣል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ክፍል መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ኮፓይለት ፕላስ ለሚላቸው ኮምፒውተሮች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መለኪያ በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት ነው፤ የዚህኛው ክፍል የሚሠራው ወደ 11 ትሪሊዮን ነው። ስለዚህ ለዚያ ስም ብላችሁ አንድ ብር አትጨምሩ።

ይሄ ሁሉ ግን ማንም ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሊያየው የሚችል ነው። እኔ የተላክሁት ለትምህርት ክፍላችን ምን ይጠቅማል የሚለውን እንዳይ ነው። ስለዚህ ከወጣት መምህራኖቻችን አንዷን፣ የሦስተኛ ዲግሪዋን በጎርፍ ላይ የምትሠራውን፣ ቅዳሜ ጠዋት ከነሥራዋ ቤቴ ጋበዝኳት። እዚህ አለች፤ ስሟን እንዳልጠራ አስጠንቅቃኛለች።

የምትሠራው በድሬዳዋ፣ በደቻቱ ወንዝ ላይ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ሌሊት ሰው በተኛበት ሞልቶ መጣ፤ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የእሷ ጥያቄ እንዲህ ያለ ውሃ እንደገና ቢመጣ በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ደቂቃ ይገባል የሚል ነው።

ሥራው የሚሠራው ሄክ-ራስ በሚባለው፣ የአሜሪካ ጦር የምሕንድስና ክፍል በነጻ በሚያቀርበው ፕሮግራም ነው። ከሌላ ሙያ ለመጣችሁ እንዲህ ልግለጸው። ከተማውን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ትከፋፍላላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ማዕዘን፣ በየቅጽበቱ፣ ውሃው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ ታሰላላችሁ። የማዕዘኑን ጎን በግማሽ ስታሳንሱት ቁጥራቸው አራት እጥፍ ይሆናል። ውሃው ትንሹን ማዕዘን ቶሎ ስለሚያልፈው የጊዜው እርምጃም በግማሽ ማጠር አለበት። ስለዚህ ሥራው ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። መከራው እዚህ ላይ ነው። በአሮጌው ላፕቶፕዋ ስትሠራ ማዕዘኖቹን ትልልቅ ለማድረግ ትገደዳለች። ማዕዘኑ ከመንገዱ ከሰፋ ደግሞ መንገዱ ከካርታው ይጠፋል፤ ሰው የሚሸሽበት መንገድ ማለቴ ነው።

በአሮጌው ማሽን ማታ ሁለት ሰዓት አስነስታው ትተኛለች። ሌሊት መብራት ከጠፋ፣ ባትሪው ሞቷልና ጠዋት የምታገኘው ጥቁር ስክሪን ነው።

ያን ቅዳሜ ያንኑ ሥራ በአዲሱ ላይ ጫንነው። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፤ በረካው ሳይቀዳ ማሽኑ ጨረሰ። እኔ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ዝም ብላ ስክሪኑን አየችና፣ «ታዲያ አሁን ማዕዘኑን በግማሽ ላሳንሰው?» አለች። አሳነሰችው። ያኛው ምሳ አልፎ፣ መክሰስ አልፎ፣ እስኪመሽ ድረስ ቆየ፤ ግን አለቀ። ካርታው ሲወጣ በፊት አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ይመስል የነበረው ሰፈር መንገድ መንገድ ሆኖ ታየ። በጣቷ አንዱን ቀጭን መንገድ አሳየችኝ፤ «ይሄኛው በፊት የለም ነበር፤ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው በእሱ ነው» አለችኝ። እንግዲህ ይህ ማሽን ለምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ የማቀርብላችሁ መልስ ያቺ ቀጭን መንገድ ናት።

ስሌቱ እየሄደ ሳለ ሦስት ነገር አስተዋልኩ።

አንደኛ፣ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት ነገሮች አንዱ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ሥራው ሲካሄድ ከፍቼ አየሁ፤ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተወጥሯል፣ ግራፊክስ ካርዱ ግን ሠርግ ቤት መጥቶ ማንም እንዳላናገረው እንግዳ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። እሷ የምትጠቀምበት የሄክ-ራስ ስሪት የሚያሰላው በዋናው ፕሮሰሰር ነው። ካርዱ ከሳተላይት ምስል በማሽን ትምህርት ለሚሠሩ፣ በሦስት አቅጣጫ ሥዕል ለሚሠሩ ባልደረቦቻችን በጣም ይጠቅማል። ለሁሉም መግዛት ግን በማይሠራ ሰው ስም ደመወዝ መክፈል ነው።

ሁለተኛ፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ይህ የአገራችን ጉዳይም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር በክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የጻፈውን ግምገማ አንብባችሁ «ጸጥ ያለ ነው» ብላችሁ አትመኑ። ሥራ ሲበዛበት ከሥሩ ሁለት መጽሐፍ አስገብቼ ከፍ አደረግሁት፤ አየር ሲያገኝ ትንሽ ተረጋጋ። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አድርጎ ማሠራት ግን ማፈን ነው።

ሦስተኛ፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ማሽኑ አልጠፋም፤ ግን በባትሪ ሲሆን ራሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሙሉ ጉልበታቸውን የሚያወጡት ሶኬት ላይ ሲሆኑ ነው። ባትሪው ሥራውን እንዳይሞት ያቆየዋል እንጂ ቀኑን ሙሉ አያሠራውም። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ካቆመበት ፍጥነት ቀጠለ። ለእሷ ይህ ከፍጥነቱም በላይ ነው፤ «ከዜሮ አልጀምርም ማለት ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው «በል እንግዲህ፣ ስድስቱንም እንግዛ» ሊል ይችላል። እኔም ያን ቅዳሜ ማታ እንደዚያው ብዬ ነበር። ሐሳቤን የቀየረው ሰኞ ዕለት ያየሁት ነገር ነው።

አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በ2007 ዓ.ም. ሃያኛ ዓመታችንን ስናከብር ለትምህርት ክፍሉ 20 ዴስክቶፕ ሰጥተን ነበር። ፎቶው በዚያ ዓመት መጽሐፋችን ላይ አለ፤ ሪባኑን የያዘው ጠጉራም ሰውዬ እኔ ነኝ። ጠጉሩ የለም፤ ሰውዬው ግን አለሁ። ሰኞ ዕለት እነዚያ ኮምፒውተሮች የት እንደደረሱ ልይ ብዬ ሄድኩ። በሩ ተከፈተልኝ። ሦስቱ ይሠራሉ። የቀሩት ያኔ የሰጠናቸውን የላስቲክ ልብስ እንደለበሱ፣ አቧራ ጠጥተው፣ እንደ ተሸፈነ አስከሬን ተደርድረዋል። ዓመታቸውን ጨርሰው ነው እንዳልል፣ አብዛኞቹ የቆሙት በሁለት በሦስት ዓመታቸው ነው።

ጥፋቱ የማን ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ የእኛ ነው፤ ከሁሉም በላይ የእኔ ነው፤ ኮሚቴውን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ዕቃ ሰጠን፤ መለዋወጫ አልሰጠንም። ከመብራቱ መዋዠቅ የሚጠብቅ ስታብላይዘር አልገዛንም። ሲበላሹ ማን ይከፍታቸዋል ብለን አልጠየቅንም። በአሥር ዓመት ውስጥም አንዴ ተመልሰን «እንዴት ናቸው?» አላልንም። ፎቶ ተነሥተን ሄድን።

አሁን እዚያ የሚሠራውን ወጣት ቴክኒሺያን፣ «ከፍተህ አይተሃቸው ታውቃለህ?» አልኩት። «የስጦታ ዕቃ ናቸው፣ ጋሼ፤ ብከፍታቸውና ቢበላሹ ማን ይጠየቃል?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ከመኪናዬ ባለ መስቀሉን ካቻቢቴ አመጣሁና፣ «እኔ እጠየቃለሁ» አልኩት። ክዳናቸውን ፈታን። አብዛኞቹ የተቃጠለው ፓወር ሰፕላያቸው ነው፤ ከኮምፒውተሩ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ዕቃዎች አንዱ። ደኅና ፓወር ሰፕላይ ያለውን፣ ግን በሌላ ምክንያት የቆመውን እየፈታን፣ ለሌላው እየሰጠን፣ በአንድ ከሰዓት አራቱን አስነሣን። አራተኛው ሲበራ ልጁ የሳቀውን ሳቅ ብታዩት! እኔ ግን የማስበው ጋሼ ፊውዝን ነበር። ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ስማቸውን በየመገናኛችን እናነሣለን፤ የያዙትን ሥራ የሚይዝ ሰው ለማገዝ ግን አንዴም አላዋጣንም።

ማታ ቤት ገብቼ አዲሱን ላፕቶፕ ገለበጥሁት። ባለቤቴ፣ «የሰው ዕቃ ነው፣ ተው!» አለችኝ። አጠፋሁት፣ ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ። ብሎኖቹ ከክዳኑ ጋር ተያይዘው ስለሚቀሩ ወድቀው አይጠፉም፤ ይህንን ያሰበ ሰው ምንጣፍ ላይ ብሎን ፈልጎ ያውቃል። ውስጡ እንደዚያ የምሳ ዕቃ ነው፤ ሁሉም በየቦታው።

የተደነቅሁት ራሙን ሳይ ነው። ባለፉት ዓመታት ላፕቶፕ እየቀጠነ ሲሄድ ፈጣንና ጉልበት ቆጣቢ የሆነው ራም በስታኞ ከቦርዱ ጋር እየተበየደ መጥቷል። ራም ከተበላሸ ወይም ካነሰ ቦርዱ በሙሉ ይቀየራል፤ በእኛ አገር ደግሞ ይጣላል ማለት ነው። ይህ ማሽን ግን ኤልፒካም2 የሚባል አዲስ ዓይነት ራም ይጠቀማል፤ ያንኑ ፈጣን ራም በሦስት ብሎን የሚታሰር ስስ ሰሌዳ አድርገውታል። ፈትቶ ወደ 64 ጊጋባይት ማሳደግ ይቻላል። የኤስኤስዲ ቦታው ሁለት ነው። ባትሪውም በብሎን የታሰረ ነው፤ በሙጫ አልተጣበቀም። የጥገና መመሪያውን ኩባንያው ለማንም በነጻ ያቀርባል። ሁሉም ነገር ይፈታል ማለቴ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ እነሱ ከሄዱ ሄዱ። ቶሎ የሚያረጁት ነገሮች ግን፣ ባትሪው፣ ማከማቻው፣ ማራገቢያው፣ ይለወጣሉ። ጋሼ ፊውዝ ቢያዩት «ይሄስ የእኔ ነው» ይሉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ስድስት አንግዛ፤ ሦስት እንግዛ። ይህ በእጃችን ያለው ከነግራፊክስ ካርዱ አንዱ ይሁን፤ ሁለቱን ያለ ውድ ካርድ፣ ራማቸው ግን በዛ ያለ እናድርጋቸው። በተረፈው ገንዘብ ለእያንዳንዳቸው መለዋወጫ ባትሪና ቻርጀር፣ ሥራ ሁለት ቦታ የሚቀዳበት ውጫዊ ሐርድ ዲስክ፣ ለክፍሉ ደኅና ስታብላይዘር፣ ለነዚያ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ እንግዛ። ለዚያ ወጣት ቴክኒሺያን ሙሉ የመፍቻ ዕቃና የሥልጠና ክፍያ እንመድብ። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ ስትመጡ መለዋወጫ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ትርፍ ባትሪ ከሆነ በእጅ ቦርሳችሁ ያዙት፤ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

ላፕቶፖቹም የማንም የግል ዕቃ አይሁኑ። እንደ ድሮው በር ላይ ደብተር ይንጠልጠል፤ ከባድ ሥራ ያለበት ይመዝገብ፣ ይውሰድ፣ ይመልስ። እኛም በየዓመቱ ሁለት ሁለት ሰው እየላክን «እንዴት ናቸው?» እንበል።

ሌላም ሐሳብ እንደቀረበ አውቃለሁ። «በዚሁ ገንዘብ ያገለገሉ ላፕቶፖች ብንገዛ ለብዙ ተማሪ ይደርሳል» ያላችሁ አላችሁ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ለልጄ ከመገናኛ ያገለገለ ገዝቼላታለሁ፤ ለንባብና ለጽሑፍ ምንም አልጎደለባትም። የደቻቱን ካርታ ግን አይሠራም። ለጽሑፍና ለልምምድ የሚሆኑ 20 ኮምፒውተሮች ደግሞ አሉን፤ ላስቲክ ለብሰው እየጠበቁን ነው። እነሱን ማስነሣት ሌላ ከመግዛት ይረክሳል። «ሦስት ላፕቶፕ ለፎቶ አያምርም» ያለኝም ሰው አለ። እሱ ልክ ነው፤ አያምርም። ግን በ2007 የተነሣነው ፎቶ በጣም ያምር ነበር።

ላፕቶፑ እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከቡናው አጠገብ ነው። አጠገቡ ካቻቢቴ አስቀምጫለሁ። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ኑና እዩት፤ ጻፉበት፣ ያቺን ቀይ ነጥብ ሞክሯት። ገልብጣችሁ ልትከፍቱት የምትፈልጉ ካላችሁም ክፈቱት፤ አጥፍታችሁ ይሁን ብቻ። ቢበላሽ እኔ እጠየቃለሁ።